የሻከረው ድምፅ

«አሁን አይናገሩ፣ ጋሽ ጴጥሮስ፤ ቆይተው ይናገራሉ» አለችው የምሥራች፣ ከጅማ የተጠራችው የድምፅ መሣሪያ ባለሙያ።

ጴጥሮስ በስቱዲዮው ጥግ ተቀምጦ ጉሮሮውን ዳበሰ። ሚዛን አማን ላይ ባለችው ትንሽ የማኅበረሰብ ሬዲዮ የቤንችኛ ዜና የሚያነበው እሱ ነው። ከክረምቱ መግቢያ ወዲህ ግን የሚቀዳው ድምፁ ሁሉ ሻካራ ሆነ፤ የሌሎቹ አንባቢዎች ደህና ነበር። ማጂ ላይ ወንጌላዊ የነበሩት አባቱም ሕመማቸው የጀመራቸው እንዲሁ ድምፃቸው ጎርንኖ ነበር፤ ያረፉት በጉሮሮ ዕጢ ነው። ጴጥሮስ ሐኪም ዘንድ መሄድ ፈርቶ፣ ቤቱ ውስጥ በሹክሹክታ ብቻ ሲያወራ ከረመ። ሥራ አስኪያጁ ባምላኩ ዛሬ ጠዋት ቁርጡን ነግሮታል፤ መሣሪያው ደህና ከሆነ ዜናውን ሌላ ሰው ያነባል።

የምሥራች ድምፅን ወደ ዲጂታል በሚለውጠው ሣጥን ውስጥ አንድ ወጥ የሆነ ንጹህ ድምፅ ላከች። በኮምፒውተሯ ስክሪን ላይ የላከችው ድምፅ እንደ አንድ ረጅም መስመር ብቻውን ቆመ፤ ግራና ቀኙ ባዶ ነው።

«የላክሁለትን ብቻ ነው ያወጣው» አለች ቀስ ብላ። «ሣጥኑ ንጹህ ነው።»

ጴጥሮስን ልጆቹ ትዝ አሉት። ባምላኩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የምሥራች ግን ገመዱን አልነቀለችም። «ጋሽ ጴጥሮስ ሲያነቡ ድምፃቸው ከፍ ይላል እንዴ?»

«ግድግዳው ይነቃነቃል እንጂ» አለ ባምላኩ።

የድምፁን ኃይል ጨመረችው። ከረጅሙ መስመር ጎን ሌላ በቀለ፤ አጠገቡ ሌላ፤ ወዲያው ስክሪኑን እንደ አረም ወረሩት። ማንም ያልላካቸው ድምፆች ነበሩ።

«ይኸው! ድምፅ ሲበረታበት ከራሱ ይጨምራል። የሻከረው ሣጥኑ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ አይደሉም።»

ጴጥሮስ ከመቀመጫው ተነሳ። ይሳቅ ያልቅስ ራሱም አላወቀም። ሐኪም ዘንድ ነገ እሄዳለሁ ብሎ አሰበ፤ አሁን ሐሳቡ አላስፈራውም።

የምሥራች ይዛ የመጣችውን ሣጥን ተካችና ማይክራፎኑን አስጠጋችለት። «አሁን ይናገሩ። ያሻዎትን።»

የሚነበብ ነገር አልነበረም። በመስኮቱ የሚያየውን በቤንችኛ ይናገር ጀመር፤ ከቡናው ጫካ ላይ እየወረደ ያለውን ዝናብ፣ ሸራቸውን የሚጎትቱትን ገበያተኞች፣ ጭቃ የያዘውን ባጃጅ። ድምፁ ክፍሉን ሞላው። የምሥራች ቤንችኛ አትሰማም። የአዲሱ ሣጥን ፍተሻም ካለቀ ቆይቷል፤ ግን በቃ አላለችውም።