ዘራችሁን ይዛችሁ ውጡ

የቀበሌያችን ለፋፊ ባምላክ ድምፁ ሸጋ ነው። አንድ ነገር ብቻ አይሆንለትም፤ የነገሩትን እንደነገሩት መናገር። እትዬ ደብሪቱ «የጓሮ አትክልት ዘር ያለው ሁሉ ሰኞ ይዞ ይምጣ በልልኝ» አሉት። እሱ ድምፅ ማጉያውን ታጥቆ ገበያውን እየዞረ፣ «ከትምህርት ቤቱ ሥር ያለው መሬት ለነዋሪው ሊሰጥ ነውና፣ ሰኞ በባህልና አትክልት በዓላችን ሁላችሁም ዘራችሁን ይዛችሁ ውጡ!» ብሎ ለፈፈ።

የመሬት ሽግሽጉ ካለፈ ገና ዓመቱ ነበር። መሬትና ዘር ባንድ ትንፋሽ ሲጠሩ የላስታ ሰው ጆሮ የሚሰማው ሽንኩርት አይደለም።

መሬት የተባለው ተዳፋት ድሮ ቆሻሻ መጣያ ነበር። እትዬ ደብሪቱ ከወገል ጤና በትዳር መጥተው፣ ልጅ ሳይወልዱ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ሰፈሩ የጋራ አትክልት ቦታ ይኑረው ብለው ሦስት በጋ ሙሉ ድንጋዩን ለቀሙ፣ ቁልቋሉን መነጠሩ፣ እርከን ሠሩ፣ የሰፈሩን አመድና ፍግ በጀርባቸው አመላለሱ። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ሲመቸኝ አግዛቸዋለሁ። ሌላው ሰው ግን ሲያልፍ ይስቃል። «ያቺ መካን ዛሬም ድንጋይ ትለቅማለች?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እሳቸውም ሰምተዋል።

መሬቱ ሲያምር ደግሞ ፈላጊ መጣ። ሊቀ መንበሩ ምሥጋናው እትዬ ደብሪቱን ቢሮው ጠርቶ፣ አንድ ባለሀብት የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራበት መጠየቁን ነገራቸው። «በበዓሉ ዕለት ነዋሪው ወጥቶ ከዘራው የጋራ አትክልት ቦታ ይሆናል። ጦሙን ካደረ ግን ለባለሀብቱ ነው» አለ።

«ጦሙን አያድርም» ብለው ወጡ፤ በቀጥታም ባምላክ ዘንድ ሄዱ።

ሰኔ ላሊበላን ካከበርን በኋላ ያለው ሰኞ ደረሰ። ሌሊቱን ዝናብ አፈሩን አርሶት አድሯል። የማሲንቆው ጨዋታ፣ የተማሪዎቹ ድራማ፣ የስፌት ትርኢቱ ለከሰዓት ተቀጥሯል። ጠዋት ሕዝቡ ሲጎርፍ ሳይ ደስታዬ ወሰን አጣ። ቀርቤ ሳያቸው ግን የሁሉም እጅ ባዶ ነው። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት እንኳ የያዘ የለም። በዚያ ፈንታ እያንዳንዱ አያቱን ደግፎ፣ አክስት አጎቱን አስከትሎ መጥቷል። አንዷማ ጨቅላዋን አዝላ «እሱም ዘር ነው» ትለኛለች።

አያ አረጋ መሬቱ መሐል ከዘራቸውን ሰክተው ቆሙ። እኚህ ሽማግሌ ርስት ሲነሳ ዓይናቸው ይበራል፤ ርስት የሚባል ነገር ከቀረ ሃያ ዓመት ማለፉን የነገራቸው ያለ አይመስልም። «ዘራችሁን ይዛችሁ ውጡ ተባልን፤ ይኸው ወጣን!» አሉ። «ይህን መሬት ያቀኑት ወልደ ሐና ናቸው። ወልደ ሐና ክንፉን ወለዱ፣ ክንፉ ተሰማን ወለደ፣ ተሰማ...»

«ኧረ ወልደ ሐና ልጅም አልነበራቸው!» አለ አለሜ የሚባለው ጎልማሳ ከዘመዶቹ መሐል። «በእህታቸው በኩል ከሆነማ የእኛ ነው!»

በቃ፣ ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ አባቶቹን መቁጠር ጀመረ። ባምላክ ድምፅ ማጉያውን ነጠላው ውስጥ ሸሽጎ ላብ ያጠምቀዋል። «ዘር ማለት የጎመን ዘር ነው! የሽንኩርት ዘር!» ብዬ ጮኽኩ። ማን ሊሰማኝ። ምሥጋናው ሰዓቱን አየት እያደረገ «እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ» አለ። እንባዬ መጣ። የሦስት ዓመት ልፋት በአንድ ቃል ሊጠፋ ነው።

«አብሽሪ፣ ምሥራቅ» አሉኝ እትዬ ደብሪቱ። ነጠላቸውን አደግድገው አያ አረጋ ፊት ቆሙ።

«አያ፣ እኔ የወገል ጤና ሰው ነኝና ያስረዱኝ። ዘር ሲቆጠር ከማን ይጀምራል?»

«ከአቅኚው ነዋ!»

«አቅኚ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ይቺ ሴት! ድንጋዩን ለቅሞ፣ ቁልቋሉን መንጥሮ፣ ጠፍ የነበረውን መሬት ያደረገው ነዋ!»

እትዬ ደብሪቱ ዞር ብለው ወደ መሬቱ ዳር ጠቆሙ። እዚያ የተቆለለው ድንጋይ ከሰው ቁመት ይበልጣል።

«ይህን ማን ለቀመው?»

አያ አረጋ ክምሩን አዩ። መልሰው የእትዬ ደብሪቱን እጅ አዩ። ቆጣሪው ሁሉ ወደ ክምሩ ዞረ።

«እንግዲያው በራሳችሁ ሕግ አቅኚዋ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «የዚህ መሬት ዘር ነን ካላችሁ ሁላችሁም የእኔ ልጆች ናችሁ። እርስዎም ጭምር፣ አያ።» ሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «የእናቱን መሬት ጦም የሚያሳድር ልጅ የለኝም። ሂዱና ዘር አምጡ!»

አያ አረጋ ከዘራቸውን ነቅለው፣ ማንንም ሳያዩ፣ ቁልቁል ሄዱ። ተቀይመዋል አልኩ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት ሴቶቹ ናቸው። አንዷ የጎመን ዘር በመሐረብ ቋጥራ፣ ሌላዋ የበቀለ ድንች በቁና ይዛ፣ ሌላዋ የጌሾ ችግኝ ታቅፋ ተመለሱ። ወንዶቹም አፍረው ዶማ አመጡ። የማሲንቆው ተጫዋች ከሰዓትን አልጠበቀም፤ እርከኑ ላይ ተቀምጦ አምባሰሉን ሲለቀው ቆፋሪው ሁሉ አብሮ ተቀበለ። ድራማውን ያስታወሰው የለም። ተዋናዮቹም ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ነበሩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንዲት እርከን ብቻ ቀረች። የያዝነው ዘር ደግሞ አልቋል። ምሥጋናው እርከኗን ትክ ብሎ ሲያይ አየሁት።

ያኔ አያ አረጋ ዳገቱን እያለከለኩ ብቅ አሉ። በጋቢያቸው እጥፋት ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ሞልተዋል፤ ለዘር ጭስ ላይ ሰቅለው ያኖሩትን፣ ለገዛ ልጆቻቸው እንኳ የማያስነኩትን። እትዬ ደብሪቱ ፊት ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የት ልትከለው፣ እናቴ?» አሏቸው።

እትዬ ደብሪቱ እርከኗን በእጃቸው አሳዩዋቸው።