የቧንቧ ሐኪም

ሐይቁ ከተማዋን የለቀቀው ቀስ እያለ፣ ማንንም ሳይሰናበት ነው። መጀመሪያ ጀልባ የሚታሰርባቸው ግንዶች እግራቸው ታየ። ቀጥሎ ዳር ላይ ያለው ሆቴል «ከመስኮትዎ ሆነው ሐይቁን ይመልከቱ» የሚለውን ሰሌዳ በጸጥታ አወረደ፤ ከመስኮቱ የሚታየው የተሰነጣጠቀ ጭቃና ጭቃው ላይ ኳስ የሚያንከባልሉ ጎረምሶች ነበሩና። ሰዉ ይህንን ለመደው። ውሃ በፈረቃ መምጣት ሲጀምር ግን ነገሩ ከመስኮት ተነሥቶ ጓዳ ገባ።

ውሃ መሥሪያ ቤቱ ተሰብስቦ መከረ። ከሐይቁ የሚስበውን የመሳቢያ ቱቦ ወደ ሸሸው ውሃ ማስረዘም ጊዜ ይፈጃል፤ እስከዚያው ከመሬት በታች እየፈሰሰ የሚባክነውን ፈልጎ መድፈን ይሻላል ተባለ። ይህ ሲባል የሁሉም ዓይን ያረፈው ቧንቧ የሚያዳምጠው ሰውዬ ላይ ነበር።

ሰውዬውን ከተማው ሁሉ ሐኪሙ ይለዋል። ስሙን ያወጡለት የመሥሪያ ቤቱ ቆፋሪዎች ናቸው። ቁመቱን የሚያህል ቀጭን የብረት ዘንግ አለው፤ በአንደኛው ጫፍ ጆሮ የሚያርፍበት የእንጨት ክብ ተገጥሞለታል። ጎሕ ሲቀድ፣ መኪና ሳይነሣና ሱቅ ሳይከፈት፣ ዘንጉን መሬት ላይ ያቆምና ጆሮውን እንጨቱ ላይ ይለጥፋል። ደህና ቧንቧ እንደ ተኛ ሰው ዝግ ብሎ ይተነፍሳል። የተሰነጠቀው ሽሽሽ ይላል። ድምፁ የሚበረታበትን ቦታ እስኪያገኝ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ሲያገኝ «በስምህ» ይልና መሬቱ ላይ በቀይ ቀለም ክብ ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእሱ ሥራ አይደለም። ቆፋሪዎቹ ረፋዱ ላይ መጥተው ክቡን ይቆፍራሉ፣ የተሰነጠቀውን ያሽጋሉ፣ መልሰው ይደፍናሉ። እሱ በዚያ ሰዓት ሌላ ሰፈር ነው። ቆፍረው ምን እንዳገኙ ሄዶ አይቶ አያውቅም። በሽተኛው ዳነ ወይስ ሞተ ብሎ የማይጠይቅ ሐኪም አንተ ብቻ ነህ እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አይቀየምም። በሰው መሃል ሲቀመጥ መስማት እንጂ መናገር አይሆንለትም።

የዚያን ሰሞን ቀያዮቹ ክቦች በዙ። መንገዱ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መሰለ። ሐኪሙ ዘንጉን ባቆመበት ሁሉ ሽሽታ ይሰማል። ቧንቧዎቹ አርጅተዋል ብሎ አሰበ፤ መሥሪያ ቤቱም እንደዚያው አሰበ። ይህን ያህል ተጠገነ የሚል ሪፖርት በየስብሰባው ሲነበብ አለቆቹ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ግራ የሚያጋባው፣ ያ ሁሉ ተጠግኖ የሚመጣው ውሃ እያደር እየቀጠነ መሄዱ ነበር።

እንዲህ እያለ ታላቅ እህቱ ወዳለችበት መንገድ ደረሰ።

እህቱ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት። አባታቸው ካወረሷቸው ቤት በጓሮ በኩል ያለውን ክፍል ማጠቢያ አድርጋዋለች። ወለሉን ሊሾ አስደርጋ፣ ውሃው ወደ አንድ ጥግ እንዲወርድ ዘቅዘቅ አስብላ፣ ገንዳውን ከወለሉ ጋር አያይዛ አስገንብታዋለች። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ልጇን ያሳደገችው እዚያ ወለል ላይ ቆማ ነው። ወለሉ ተነሣ ማለት ሥራዋ ቆመ ማለት ነው። በፈረቃዋ ቀን በርሜሎቿን ትሞላለች፤ የአንዱን ዙር ማለቅለቂያ ለሌላው ዙር መዘፍዘፊያ እያደረገች ውሃውን እንደ ዘይት ቆጥባ ታደርሰዋለች። ጎረቤት ግን በርሜሉን አያይም። የሚያየው ገመድ ላይ የተሰጣውን ነጭ አንሶላ ነው። ሰፈሩ በጥም ደርቆ እሷ ከየት አምጥታ ነው የምታጥበው? ወንድሟ ውሃ መሥሪያ ቤት አይደለም እንዴ? ወሬው ዞሮ ዞሮ ሐኪሙ ጆሮም ደርሷል። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ከዋናው መስመር በስውር ቀጥሎ የተገኘ ሰው ውሃው ለዘለቄታው ይቆረጥበታል ብሎ በየግድግዳው ለጥፏል።

መንገዱ እሷ ቤት ጋ ሲደርስ ጉብ ይላል። ሐኪሙ ዘንጉን አቆመ። ሽሽታው አለ። ወደ ፊት ሲሄድ ቀነሰ፤ ሲመለስ በረታ። ዋናው ቧንቧ የሚያልፈው ከማጠቢያ ክፍሏ ሥር ነው፤ አባታቸው ክፍሉን ሲሠሩ የከለከላቸው አልነበረም። ግድግዳዋን ተደግፎ ደጋግሞ አዳመጠ። ከሰማቸው ሁሉ ይህን ያህል የጠራ ሽሽታ አልነበረም።

ዘንጉን አንሥቶ ቢያልፍ ያየው ሰው የለም። ይህንን አሰበ፤ ማንም አላየኝም የሚለው ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አሳምኖት አያውቅም። በሩን አንኳኳ።

እህቱ እጅጌዋን ሰብስባ ሥራ ጀምራለች። ሻይ ላፍላልህ ብትለው አልተቀመጠም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቀየሚኝ።»

«እሱን ከጠየቅከኝ በኋላ ነው የማውቀው።»

«ከዋናው መስመር የቀጠለልሽ ሰው አለ?»

እጇን በሽርጧ አደራረቀች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልታየም።

«የሰፈሩ ሰው ይሄን ሲያወራ፣ ወንድሜ ምን ብሎ ይመልስላቸው ይሆን እያልኩ አስብ ነበር» አለች። «ለካ አንተም ጠያቂ ነህ።»

«የሰማሁትን ነው እትዬ።»

«እንግዲያው ቀባ። ጆሮህ ካላመነኝ ዶማው ያምነኛል።»

«በስምህ» አለና ግራጫው ሊሾ ላይ ቀዩን ክብ ሠራ። እህቱ ባልዲዋን ከመንገዱ ዘወር አደረገችለት።

ያን ቀን ወደ ሌላ ሰፈር አልሄደም። ቆፋሪዎቹ ሲመጡ ቆሞ አገኙት፤ ምነው ሐኪም ዛሬ አስታማሚ ሆንክ አሉት። የዚያን ቀን ፈረቃ የሚጠብቁ ጎረቤቶችም ጀሪካናቸውን እንዳንጠለጠሉ ወደ ጓሮው ተጠጉ። የእህቱ ልጅ የተዘፈዘፈውን አንሶላ እየጨመቀች አወጣች። ዶማው ሲያርፍ ሊሾው እንደ ሸክላ ተሰነጠቀ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ከተገኘ ለእኛም እዚሁ ይቀዳልን አለች፤ የሳቁም ነበሩ። እህቱ በሩን ተደግፋ ወለሏ ቁራጭ በቁራጭ ሲወጣ ታያለች።

ጉድጓዱ እስከ ደረት ሲደርስ የቆፋሪዎቹ አለቃ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ከዚያ ብቅ አለና፣ ተገኘ፣ ትንሽዬ ስንጥቅ ናት፣ እናሽጋታለን አለ። ከጎረቤቶቹ መሃል «አላልኩም?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሌላው፣ ስንጥቅ ናት ወይስ ሰው የሠራት ብሎ ጠየቀ። አለቃው አፈር መመለስ እንዲጀመር በእጁ ምልክት ሰጠ።

ሐኪሙ ልየው አለ። አለቃው ልብስህ ይቆሽሻል ቢለውም ወረደ። ቧንቧው እንዳለ ነው። ዙሪያውን አፈሩን ዘገነው፤ በጣቶቹ መሃል እንደ ዱቄት ፈሰሰ።

«የታለች ስንጥቋ?»

አለቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተወው ጋሼ። ስምህን አናስነሣም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አብዛኛው እንዲህ ነው፤ እንቆፍራለን፣ ደረቅ ነው። አንተን ተሳስተሃል እንዴት ብለን እንበልህ? ይሉኝታ ያዘን። ደፈንን፣ ተጠገነ አልን። አለቆቹም ደስ አላቸው።»

ሐኪሙ ዘንጉን ትቶ ጆሮውን በቀጥታ ቧንቧው ላይ ለጠፈ። ሽሽታው አለ። አሁን ግን በመካከል አፈር ስለሌለ፣ የሚወጣ ሳይሆን የሚያልፍ ድምፅ መሆኑን ለየው። ከሐይቁ በኩል እየመጣ፣ ጉብታው ላይ ትንሽ ተጠራቅሞ፣ ወደ ታች ይቀጥላል። አየር ነው። ዕድሜውን ሁሉ ውሃ የሞላው ቧንቧ ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ ጎዶሎ ቧንቧ ምን እንደሚል አያውቅም ነበር።

ከላይ ሰዉ ይጠብቃል። ዝም ብሎ ቢወጣ የእሱ ስም እንዳለ ይቀጥላል፤ እህቱ ግን ከዛሬ ጀምሮ የሰፈሩ ሌባ ናት፣ መስመሯም ይቆረጣል። አለቃው እጁን ይዞ አወጣው። ሐኪሙ ሰው ፊት ቆሞ መናገር አያውቅም፤ ቢሆንም ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ።

«ስንጥቅ የለም» አለ። «የተቀጠለም የለም። ቧንቧው ደህና ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቤቷ የፈረሰው በእኔ ቀለም ነው።»

አንዱ፣ እህቱ ናት መቼም፣ ይሸፍናል እንጂ ምን ያድርግ አለ። ሐኪሙ ወርዳችሁ አፈሩን ንኩት አላቸው። ቅድም የቀለደችው ሴት ጀሪካኗን አስቀምጣ ወረደች፤ ዘግና አወጣችና ለሁሉም እያሳየች በተነችው። ደረቅ ነው አለች፤ እንደ ማፈር ብላ። እህቱ ይህን ጊዜ ሄዳ የጓሮውን ቧንቧ ከፈተችው። ቧንቧው አሳለ፣ ተፋ፣ እንደገና አሳለ፤ ከዚያ በአየር አረፋ እንደ ወተት የነጣ ቀጭን ውሃ ወረደ።

«እንዲህ ማሳል ከጀመረ ቆየ» አለችው ወንድሟን። «የጠየቅከኝ ይሄንን ቢሆን እነግርህ ነበር።»

ሐኪሙ ከዚያ ወጥቶ መስመሩን ተከትሎ ወደ ውሃው መምጫ ሄደ። በየቫልቩ ዘንጉን እያቆመ አዳመጠ፤ ሁሉም ጋ ያው ድምፅ ነው፣ ወደ ሐይቁ በቀረበ ቁጥር እየጎላ። ፓምፕ ቤቱ ጋ ሲደርስ የፓምፑን ሠራተኛ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘው። የመሳቢያው አፍ ግማሹ ከውሃው በላይ ነው። አንዴ ውሃ፣ አንዴ አየር እያፈራረቀ ይጎትታል፤ ድምፁ ብርጭቆ ጨርሶ የቀረችውን በቀሰም የሚስብ ልጅ ይመስላል። የፓምፑ ሠራተኛ ይህንን ለመሥሪያ ቤቱ ነግሬያለሁ አለ። ምን አሉህ ቢለው፣ መጀመሪያ ሐኪሙ የሚያፈሱትን ፈልጎ ይጨርስ አሉኝ አለው።

ከዚያ ወዲያ ጭቃው፣ ከጭቃው ማዶ ደግሞ የሐይቁ ቀጭን መስመር ብልጭ ይላል። ሁለቱ ሰዎች ወደዚያ እያዩ ትንሽ ተቀመጡ። ሐኪሙ እግዚአብሔር ይማረን አለ፤ የፓምፑ ሠራተኛ አሜን አለ።

በማግስቱ ሐኪሙ መሥሪያ ቤት ገብቶ የሆነውን ተናገረ። ተቆጡት፣ ቀጥሎ እርስ በእርስ ተወቃቀሱ፣ በመጨረሻ ቁፋሮው ቆመና ቱቦው እንዲረዝም ተደረገ። የቧንቧዎቹ ሽሽታ ቀነሰ። ሐይቁ ግን ቱቦ ሊጠብቅ የቆመ አልነበረም፤ ፈረቃው እንደ ተራራቀ ቀረ።

የእህቱን ወለል እሱ ራሱ ሊመልሰው መጣ። ሲሚንቶውን በጀርባው፣ አሸዋውን በጋሪ አመጣ። እስከዚያች ቀን ሆቴሎቹ አንሶላቸውን ሌላ ቦታ ይልኩ ነበር። በሩን ከፈተችለት፤ ደህና ዋልክ አለችና ከበሩ ዘወር አለች። አሸዋውን ነፋ፣ ሲሚንቶውን ደባለቀ፣ ውሃ ብቻ ሲቀረው ቀና ብሎ በርሜሎቹን አየ። ከሁለቱ አንደኛው የንጹሕ ነው፣ ሌላኛው የማለቅለቂያ። ፈረቃው ገና ሩቅ ነው።

እህቱ በአገጯ ማለቅለቂያውን አሳየችው። «ከዚያኛው ቅዳ። ለሲሚንቶ ይበቃዋል።»

«የሳሙና ውሃ ሲሚንቶ አያስይዝም መሰለኝ።»

«ይመስልሃል ወይስ ታውቃለህ?»

ሐኪሙ አካፋውን አስደግፎ ቆመ። ወለሉን ሁለተኛ ማፍረስ አይቻልም።

«ቆይ፣ ግንበኛውን ልጠይቀው» አለ።

ግንበኛው ሁለት ቤት አልፎ ነው። ሐኪሙ ሄዶ ጠየቀ፤ ግንበኛው፣ ሳሙና ከገባበት ይፈረፈራል፣ በንጹሕ ውሃ ነው አለው። ይህን እንዴት እንደሚነግራት እያሰበ ተመለሰ። እህቱ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። የንጹሑ በርሜል ክዳን ተነሥቷል፣ ባልዲውም ሞልቶ ሲሚንቶው አጠገብ ተቀምጧል። ከጓዳ የሻይ በራድ ክዳን ሲንኳኳ ተሰማ።

«ስኳር ስንት ነበር የምትፈልገው?» አለች ከውስጥ።