የሞጣ ቀጠሮ

«ተኝቷል ካልከኝ ታዲያ ምን አዲስ ጣጣ መጣ?» አለች ይርጋነሽ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች።

ሰማው የተባለው ነርስ የምርመራ ውጤቷን ደግሞ አየው። ቢቸና ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ እያለ፣ የአገሯ ሰው እንዳያያት ብላ ሚኒባስ ተሳፍራ ሞጣ ድረስ እንደምትመጣ ያውቃል፤ አንድም ቀን ለምን ብሏት አያውቅም።

«ቫይረሱስ ተኝቷል፣ እትዬ። መድኃኒቱን በሥርዓት ነው የሚወስዱት። ግን በሽታ የሚከላከሉት ሴሎች አላንሰራሩም። ዓምና ከነበሩበት ፈቅ አላሉም።»

«እኔ እኮ አንዲት ቀን አላስታጎልኩም!»

«አውቃለሁ። ግን ሲጀምሩ ዘግይተው ነበር። ያኔ ቫይረሱ ያሉትን ሴሎች ፈጅቶ ብቻ አልተወም፤ አዲሶቹ የሚፈጠሩበትን መቅኒዎንም ጎድቶታል። እንዴት ልበልዎ... አረሙ ተነቅሏል፤ መሬቱ ግን ስለተጎዳ ዘሩ እንደ ልብ አይበቅልም።»

የገበሬ ልጅ ናትና ይሄ ገባት። ገባትና ድክም አላት። የስፌት መኪናዋን ሸፍና፣ «ክር ልገዛ ነው» ብላ ጎረቤት ዋሽታ፣ መኪና ውስጥ የሚያውቃት እንዳይኖር ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ... ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ከርማ፣ ዛሬ ደግሞ መሬቱ ተጎድቷል ይሏታል። እህል ውኃ የማያሰኝ ነገር ነው እኮ!

«መሬቱ ያገግማል?» አለች።

«ቀስ እያለ የሚያገግም አለ፤ የማያገግምም አለ። እስከዚያው የሚያስል ሰው ካለበት የተዘጋ ቤት እንዳይገቡ። ሳንባ ነቀርሳ ቢይዝዎ የሚመክትልዎ አቅም የለም። ቤትዎ የሚያስል ሰው አለ?»

«የለም።»

አልዋሸችም። እሷ ቤት የለም፤ የሚያስለው ወንድሟ ቤት ነው።

መሪጌታ አካለ ወልድ ወንድሟ ብቻ አይደሉም። እናት አባታቸው ሲሞቱ አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አሁን ሳል ጥሏቸው ከመኝታ አይነሱም። ጤና ጣቢያ ሲሏቸው «ጠበሉ ይበቃኛል» ይላሉ። ብርድ እንዳይመታቸው ተብሎ መስኮቱ በአሮጌ ጋቢ ተወትፏል፣ በሩም ይዘጋል፤ ጠያቂው እዚያው ታፍኖ ይውላል። ይርጋነሽም በየቀኑ እራስጌያቸው ተቀምጣ፣ ሳሉ ሲያጣድፋቸው ደግፋ ታነሳቸዋለች። ብትቀር ቢቸና ምን ይላታል? ያሳደጋትን ወንድም ከዳች ነዋ! ለምን እንደቀረች ብትናገር ደግሞ የባሰ ነው።

መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ ቢቸና ደረሰች። ወደ ቤቷ አልሄደችም። የወንድሟ ሚስት ምስራቅ በሩን ከፍታ ተቀበለቻት።

«የት ጠፋሽ አንቺ? ከጠዋት ጀምሮ ‹ይርጋስ?› እያሉ ነው። ግቢ፣ ግቢ፣ ብርዱ ተከትሎሽ እንዳይገባ!»

ይርጋነሽ ደፉ ላይ ቆመች። ውስጡ ጨለም ብሏል፤ የታፈነ የሰው ትንፋሽ ፊቷን መታት። የጎረቤት ሴቶች መደቡ ላይ ተደርድረዋል። መሪጌታ ሳሉ ይዟቸው ጎንበስ ብለዋል።

«ምን ያስቆምሻል?» አሉ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «እንግዲህ እህቴም ተጸየፈችኝ ማለት ነው።»

አንጀቷን በሉት። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ነገስ ምን ትላለች? ከነገ ወዲያስ? ውሸቱ ራሱ ሰለቻት።

«ጋሼ፣ ኤች አይ ቪ አለብኝ» አለች። «ዓመታት ሆኖታል። በሽታ የሚከላከለው አቅሜ አልቆ፣ መድኃኒት እየዋጥኩም አልተካ አለኝ። ይሄ ሳልዎ ነቀርሳ ከሆነ እኔን ይገድለኛል። ተጸይፌዎት አይደለም፣ በማርያም!»

ምስራቅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከሴቶቹ አንዷ፣ ፋንታ የምትባለው፣ ነጠላዋን ሰብስባ በአጠገቧ አልፋ ወጣች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ገበያውን እንደሚያዳርስ ይርጋነሽ አላጣችውም። ልትለምናት ቃጣት፤ ተወችው።

«ለእኔ እንኳ?» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ብቻሽን ይህን ሁሉ ዓመት?»

«እንዳላሳፍርዎ ብዬ ነው፣ ጋሼ። አሁንስ ደከመኝ።»

መሪጌታ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ይርጋነሽ ከበሩ ሥር ያለውን አግዳሚ ወንበር ጎትታ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚያየው ደጃፍ ላይ፣ ፀሐዩ መሃል አስቀመጠችው።

«ምስራቅ፣ ጋሼን ደግፈሽ አውጪልኝ» አለች። «እዚህ አየሩ ላይ አብረን እንቀመጣለን።»