የእማዬ ድምፅ ያለበት ዲስክ

እናትየዋ በደህናው ጊዜ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሰፈሩ ሰው «መቀስ» ይላት ነበር፤ ስሙ የወጣላት ግን በሙያዋ ሳይሆን በምላሷ ነው። ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ሴት ቀሚሷን ብቻ ይዛ አትመለስም፤ ምክርም፣ ቁጣም፣ የጎረቤት ወሬም አብሮ ተጠቅልሎ ይሰጣታል። ከዚያ ሰውነት የሚያስር ክፉ በሽታ መጣና መጀመሪያ እጇን፣ ቀጥሎ እግሯን፣ በመጨረሻም ያንን ምላሷን ያዘው። ዛሬ እንዳሻት የምታዘው ዓይኗን ብቻ ነው።

ለዓይኗ አፍ የሆነላት ከአልጋዋ ፊት ለፊት፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ኮምፒውተር ነው። ስክሪኑ ሥር ያለች ትንሽ ካሜራ ዓይኗ የትኛው ፊደል ላይ እንዳረፈ ታያለች፤ ፕሮግራሙ ፊደል ከፊደል ይገጥምና አውቶቡስ ጣቢያ በድምፅ ማጉያ እንደምትናገር ሴት ባለ ቀዝቃዛ ድምፅ ያነበዋል። መቀስ በዚህም ድምፅ ሰው መሸንቆጧን አልተወችም። መጀመሪያ የተናገረችው «ዕቃ አይደለሁም። ሳትጠይቁኝ አታንሱኝ» የሚል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ትራስ ለማዞር እንኳ እሷ ትጠየቃለች። ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ዓይኗን አንዴ ከጨፈነች እሺ፣ ሁለቴ ከጨፈነች እምቢ ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ። አብራት የምትኖረው ሴት ልጇ ማብሪያውን ደጋግማ ብትጫነው ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ነቅላ ስትሰካው ተነሣ። ቢነሣም እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ከዚያን ቀን ጀምሮ በከፈተችው ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ድርጅታቸውን ከዘጉ ቆይተዋል፤ እንደ አዲስ ልጫንህ ቢሉት እሺ አይልም። የእናቷን ዓይን ለመልመድ የፈጀው ዘመን ሁሉ ያለው እዚያ አንድ ዲስክ ውስጥ ነው። ዲስኩ ከሞተ እናቷ ለሁለተኛ ጊዜ አፏን ታጣለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚመልስላት የለም።

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አለችና ገጽ የምታቀናብርበት ማተሚያ ቤት ውስጥ ያለውን የኮምፒውተር ባለሙያ አማከረችው።

«ሬይድ አድርጊው» አላት። «ሁለት ዲስኮች እንደ መንታ አብረው ይሠራሉ፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል።»

«ሲስተሙ ሳይነካ? እንደ አዲስ ይጫን ከተባለ አለቀልኝ።»

«ሳይነካ። አዲሱን ዲስክ ለብቻው የመንታው ግማሽ ታደርጊዋለሽ፣ አሮጌው ላይ ያለውን ትገለብጪበታለሽ። በአዲሱ አስነሥተሽ ሁሉም ነገር መኖሩን ካየሽ በኋላ አሮጌውን ታስገቢዋለሽ። ያኔ እሱ ይጠፋና ከአዲሱ እንደገና ይሞላል።»

«የማይጠፋውን ባጠፋስ?»

«አታጥፊያ።»

የባለሙያ ማጽናኛ እንግዲህ እንዲህ ነው። ዲስኩ በዓይነትም በመጠንም አንድ ይሁን ስላላት ከአሮጌው ጋር ቁርጥ አንድ የሆነ ፈልጋ ገዛች። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ለዓይን የሚለይ ነገር አልነበራቸውም።

ሥራውን ለዕረፍት ቀኗ አቆየችው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የሆነው ታናሽ ወንድሟም እናቱን ሊያጫውት መጣ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ የአልጋውን ልብስ ታሞቃለች።

«እማዬ፣ ልዝጋው?»

የእናቷ ዓይን ስክሪኑ ላይ ሄደ፣ መጣ። ቀዝቃዛዋ ሴት ተናገረች፤ «ዝጊው። ዘግተሽው እንዳትቀሪ ግን።»

ወንድምየው ሳቀ። እሷ ሳቅ አልመጣላትም። ዘጋችውና የኮምፒውተሩን ሳጥን በእናቷ ፊት ፈታችው።

አዲሱን ዲስክ ከአሮጌው አጠገብ አሰረች። እንዳይምታታባት ነጭ ፕላስተር ቆርጣ «አሮጌ»፣ «አዲስ» ብላ ጻፈችና ለጠፈች። የለጠፈችው ግን ዲስኮቹ ላይ ሳይሆን የሚሰኩባቸው ገመዶች ላይ ነው፤ ዲስኮቹ ወደ ውስጥ ስለገቡ ጽሑፉ የሚታይ አልመሰላትም። ተጨንቃ ነውና አልፈርድባትም። ከዚያ ባለሙያው ደወለ። ክፍሉ ውስጥ ድምፁ ስለተቆራረጠባት ወደ ደጅ ወጥታ የነገራትን ሁሉ ደግማ ደጋግማ አስነገረችው።

ስትመለስ ክፍሉ በአቧራ ታፍኗል። ወንድሟ በተከፈተው ሳጥን ላይ ጎንበስ ብሎ በአፉ ይነፋል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ቆሻሻ ተሸክሞ እንዴት አይታመም? ሞተር ቢሆን እኮ መንገድ ላይ ነበር የሚቆመው። ትንሽ አራገፍኩለት።»

«የነካኸው ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም። አቧራውን ብቻ።»

ጎንበስ ብላ አየች። ሁለቱም ገመዶች ተሰክተዋል፣ ፕላስተሮቹም በቦታቸው አሉ። ነፍሷ መለስ አለች።

ኮምፒውተሩን ባለሙያው በሰጣት ፍላሽ አስነሣችው፤ በፍላሽ ሲነሣ የእናቷ ፕሮግራም አይሠራም። ስክሪኑ ላይ ሁለት ዲስኮች ተዘረዘሩ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ። ዓይነታቸውም መጠናቸውም አንድ ነው። «አዲስ» የሚለውን ገመድ በጣቷ ብትከተል ሁለተኛው መሰኪያ ላይ አደረሳት፤ እንግዲያው አዲሱ ሁለተኛው ነው። ትእዛዙን ጻፈች። ማሽኑም እንደ ልማዱ ጠየቃት፤ በሁለተኛው ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ይቀጥል?

እሷም እንደ ቤቱ ልማድ ወደ አልጋው ዞረች። «እማዬ፣ ልጀምር?»

እናትየዋ ሁለቴ ጨፈነች።

«አይዞሽ፣ አዲሱን ባዶውን ነው የማጸዳው። ያንቺን አልነካውም። ልጀምር?»

ሁለቴ። ወዲያው ደግሞ ሁለቴ። ከዚያ ይህ ነው የማይባል ጭፈና ተከታተለ፣ እንባም በጉንጯ ወረደ።

«ዓይኗ ውስጥ ገባ» አለ ወንድምየው ደንግጦ። «አቧራው ነው። እኔ ነኝ ያስነሣሁባት።»

ልጅቷ ጥጥ በውሃ አርሳ መጣች። የእናቷን ሽፋሽፍት ቀስ አድርጋ፣ እንዳያማት እየተጠነቀቀች ጠረገች፤ አንዱን ዓይን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ደግሞ የመጀመሪያውን። ጥጡ እላዩ ላይ እስካለ ድረስ ያ ዓይን እሺም እምቢም ማለት አይችልም።

«አሁን ተሻለሽ? ልጀምር?»

ሁለቴ።

«ፈርታ ነው» አለ ወንድምየው። «የፈራ ሰው ደግሞ ቶሎ ሲጨርሱለት ነው የሚያርፈው። ተጫኚውና ይለይለት።»

እውነቱን ለመናገር እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነበር። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ተረት ከጠዋት ጀምሮ ጭንቅላቷ ውስጥ እየዞረ ነው፤ ይድረስና ይውጣልኝ የምትልበት ደረጃ ላይ ደርሳለች። ወደ ኪቦርዱ ዞራ «አዎ» ብላ ጻፈች። የቀረው አንዲት ቁልፍ መጫን ነው። ጣቷን ቁልፏ ላይ አሳረፈችና ለመጨረሻ ጊዜ ዘወር ብላ አየች።

እናቷ አትጨፍንም። እንባዋ እየፈሰሰ፣ ነጩ እየቀላ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ታያታለች።

ልጅቷ ያንን አስተያየት ታውቀዋለች። ልጅ ሳለች ጨርቅ ስታስቆርጣት እናቷ ከንፈሯ መሀል መርፌ ትነክስ ነበር። አፏ በመርፌ ስለተያዘ፣ ልጇ መቀሱን ከመስመር ልታወጣ ስትል የምታስቆማት በዓይኗ ብቻ ነው። ያ ዓይን ሲያያት ቆርጣ አታውቅም። ክው አለችና ጣቷን ከቁልፏ ላይ አነሣች።

«ስለ ማሽኑ ነው?»

አንዴ።

«ስለፈራሽ ነው?»

ሁለቴ።

«ያየሽው ነገር አለ?»

አንዴ። በጣም ረጅም።

«ምን አየሽ እማዬ?» አለ ወንድምየው፤ ለዚህ ግን በእሺና በእምቢ የሚመለስ መልስ የለም። ልጅቷ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ዘዴ አስታወሰች። ያኔ ፊደል እየቆጠሩ ይጠብቋት ነበር፤ ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ለዚያ ትዕግሥት ያለው ሰው ጠፍቷል።

«ፊደል ልቁጠርልሽ?»

አንዴ።

«ሀ… ለ… ሐ… መ…» ወንድምየው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ያ «አዎ» የተባለው መልስ እንደተጻፈ ነው፤ ማንም ሰው በስህተት ኪቦርዱን ቢነካ ነገሩ ያከትማል፣ እሷ ደግሞ ለማጥፋት እንኳ እጇን ወደዚያ መላክ ፈራች። «… የ… ደ… ጀ… ገ…»

ጨፈነች።

እንደገና ከሀ ተነሣች። «ሀ… ለ… ሐ… መ…»

ጨፈነች።

«ገ፣ መ… ገመድ?»

አንዴ ጨፈነች። ዓይኗን ስትገልጥ የምታየው ልጇን ሹፌሩን ነበር።

«እኔ ምንም አልነካሁም» አለ። ቀጥሎ ግን ድምፁ ቀነሰ። «ከኋላው አቧራ ስለነበር… ነቅዬ መልሼ ሰካሁት እንጂ አልነካሁትም።»

ሹፌር ነው፤ እሱ ዘንድ ነቅሎ መልሶ መሰካት መንካት አይባልም።

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«የትኛውን የት?»

ወንድምየው ጎንበስ ብሎ ገመዶቹን አየ። ልጅቷ ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ነቀለችው። «አዲስ» የሚለውን ገመድ ይዛ ከጫፉ ያለውን ዲስክ ፈታችና ገለበጠችው። ከሥሩ፣ የወንድሟ ትንፋሽ ያልደረሰበት ቦታ ላይ፣ የዘመናት አቧራ ተጋግሮበታል። ሌላኛው ሥሩ እንደ መስታወት ንጹሕ ነው። ልታጠፋው የነበረው የእናቷን ድምፅ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«እትዬ» አለ ወንድምየው። «አፏን በእጄ ላፍነው ነበር።»

እሷም ያው ነበረች።

ሁለተኛውን ዙር የሠራችው እንደ እንቁላል ተሸካሚ ነው። ጽሑፉን ዲስኮቹ ላይ ለጠፈች። እያንዳንዱን ነገር ከማድረጓ በፊት ለእናቷ እያሳየች አንዴ እስክትጨፍን ጠበቀች። አሮጌው ወደ አዲሱ ሲገለበጥ ማንም ከክፍሉ አልወጣም። ፀሐይዋ ከአልጋው ወርዳ ወለሉ ላይ ስትደርስ ግልበጣው አለቀና ልጅቷ ኮምፒውተሩን በአዲሱ ዲስክ ብቻ አስነሣችው።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቆየ። እንደዚያ ጠዋት። ወንድምየው ፊቱን አዞረ። ከዚያ የካሜራዋ መብራት ቦግ አለች፣ ፊደሎቹም አንድ በአንድ መጡ። የእናትየዋ ዓይን ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ።

«አለሁ» አለች ቀዝቃዛዋ ሴት።

ልጅቷ ያን ጊዜ አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ደግሞ ጠየቀች፤ «አሮጌውን ልጨምረው? እሱ ይጠፋና ከዚህኛው ይሞላል።»

«ጨምሪው።»

ጨመረችው። ከስክሪኑ ጥግ ላይ መሙላቱን የሚያሳየው ቁጥር ቀስ እያለ መጨመር ጀመረ፤ እናትየዋም እሱ እየሞላ መናገር ቻለች። መጀመሪያ የሸነቆጠችው ወንድ ልጇን ነው። «አንተ አውቶቡስህን ንፋ።»

ሦስቱም ሳቁ፤ የእናትየዋ ሳቅ በዓይኗ ነው። ልጅቷ ጥጡን አነሣችና በእናቷ ጉንጭ ላይ የደረቀውን እንባ ልትጠርግ ጎንበስ አለች።

«ቆይ።»

ቆመች። ዓይኑ ፊደሎቹ ላይ ለረጅም ጊዜ ተመላለሰ።

«ዓይኔን ስትጠርጊው ሁልጊዜ አቧራ አልነበረም።»

የልጅቷ እጅ አየር ላይ ቀረ። መብራት የጠፋባቸው ቀኖች ታወሷት። ገላዋን ስታጥባት፣ ልብስ ስትቀይርላት፣ ወደ ሐኪም ስትወስዳት፣ ማሽኑ ተዘግቶ እናቷ ስትጨፍን፣ ስትጨፍን፣ እሷም «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያለች በእርጥብ ጥጥ ስትጠርግ። በፍቅር ነበር የምትጠርገው። ስንት ጊዜ እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች፣ አልቻለችም። ቅድም ጣቷ ቁልፏ ላይ ሳለ የያዛት ፍርሃት ከዚህኛው አጠገብ የልጅ ነበር።

«መቼ መቼ ነው?» አለች። መልሱን መስማት አልፈለገችም፤ በኋላ ንገሪኝ ልትልም ዳድቷት ነበር።

የእናቷ ዓይን እሷ ላይ ቆየ። ይጠብቃል።

ልጅቷ ጥጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወንበሩን ስባ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች፣ ፊቷንም ወደ እናቷ አዞረች።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ እማዬ» አለች።

የእናቷ ዓይን ወደ ፊደሎቹ ሄደ።