የአጥሩ ሥር ውሃ

በሰፈሩ የግንብ ቤት የነበራት ፈትለወርቅ ብቻ ነበረች። ሟች ባሏ ከጉደር ድንጋይ አስጭኖ ያሠራው ነው። አምቦ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አድራሻ ለጠየቀ ሁሉ «ከፈትለወርቅ ግንብ ቤት ጎን» ይባል ነበር። ታዲያ ጨርቅ ነጋዴዋ ሀጀራ ከአጥሩ ማዶ ፎቅ ስትጀምር እርር ድብን ብትል ምን ይደንቃል?

መጀመሪያ ግን ሳቀች። ሀጀራ ገንዘቧን መሬት ውስጥ መቅበር ጀመረች። መሐንዲሷ ለንሳ ስምንት ሜትር የሚወርድ ጉድጓድ እያስቆፈረች፣ ታቹን እንደ እንስራ ሆድ እያሰፋች ብረትና ኮንክሪት ታስሞላለች።

«ቤቱን ወደ ታች ነው እንዴ የምትሠሪው?» አለች ፈትለወርቅ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ።

«እትዬ፣ መሐንዲሷ መረሬ አፈር አይታመንም አለችኝ» አለች ሀጀራ። «ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ምሰሶው እሱን አልፎ ጠንካራው ላይ በሰፊ እግሩ ይቁም ነው የምትለው።»

ለሙከራ በአንዱ ምሰሶ ላይ የሚሸከመው እጥፍ ጭነት የተጫነ ዕለት ፈትለወርቅ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቃ ስታይ ዋለች። ይስመጥ ብላ ስለት ልትሳል ምንም አልቀራት። ማምሻውን ለንሳ መለኪያውን አንብባ «አራት ሚሊሜትር ብቻ ነው የሰመጠው» ስትል የፈትለወርቅ አንጀት አረረ። ከምስር ፍሬ አይበልጥም።

ፎቁ አለቀ። ሰዉም «ከሀጀራ ፎቅ ጎን» ማለት ጀመረ። ፈትለወርቅ ይህን መቻል አቃታት። ያን ጊዜ «ውሃ ሲጠጣ ያብጣል» የተባለው ትዝ አላት። ከጥር ጀምሮ የልብስ እጣቢዋን በባልዲ እያመላለሰች ከአጥሩ ሥር መድፋት ጀመረች። በየማለዳው የሀጀራን ግድግዳ ትመረምራለች። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብታገኝ ይበቃት ነበር።

በመጋቢት የራሷ መኝታ ቤት በር አልዘጋ አለ። በሳምንቱ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ወለሉ ወረደ። የሀጀራ ምሰሶ እግሩን ከታች አንሰራፍቶ ቆሟል፤ የሟች ባሏ የድንጋይ መሠረት ግን አንድ ሜትር እንኳ አልወረደም። ያበጠው አፈር ያገኘው እሱን ነው።

ጩኸቷን የሰማችው ሀጀራ ለንሳን ይዛላት መጣች። ለንሳ ከአጥሩ ሥር ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ጨመቀች። በዚያ በጋ እዚያች ቦታ ብቻ ሣሩ ለምልሟል።

«አዴ ፈትለወርቅ፣ እዚህ ውሃ ይፈሳል። ግድግዳው ሊወድቅ ስለሚችል ዛሬ እዚህ አይደሩ።»

«የእኔ ቧንቧ ይሆናል» አለች ሀጀራ ደንግጣ። «ከእኔ ከሆነ አሳድስልሻለሁ፣ እትዬ።»

እሺ ብትል ቤቷ ይተርፍላት ነበር። ግን የዚያች ሴት ውለታ ያለባት ሆና መኖር! ከስንጥቁ ይልቅ እሱ አንገበገባት።

«ቧንቧሽ ደህና ነው» አለች። «የደፋሁት እኔ ነኝ። ያንቺ እንዲሰነጠቅ ብዬ።»

ሀጀራ ስንጥቁን አየች፤ ባልዲውን አየች።

«ፍራሽሽን አምጪ» አለች በመጨረሻ። «ምድር ቤቱ ባዶ ነው።»

ፈትለወርቅ ፍራሿን ታቅፋ ገባች። ከማስቀመጧ በፊት ወለሉንና ማዕዘኑን ሁሉ በዓይኗ ፈተሸች። አንድም ስንጥቅ አላገኘችም።