ትልቁ ድንች

"ውስጡ ምንድን ነው አባት?" አለ ጥበቃው፣ በገብረየስ ኮት ስር ያበጠውን ነገር እያየ።

"ድንች ነው።"

"ስንት ኪሎ?"

"አንድ ፍሬ።"

ጥበቃው አያት ሰፈር ውስጥ የብዙ ባለጸጋ ግቢ ጠብቋል። ብዙ ተደብቆ የሚገባ ነገርም አይቷል፤ ቅቅል ድንች ግን የመጀመሪያው ነበር። ሳቁን ውጦ አሳለፈው።

ገብረየስ ከቦሌ ቡልቡላ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ነው የመጣው። ምሳ ዕቃውን በሚስቱ በብርነሽ ሻርፕ ጠቅልሎ፣ እንዳይቀዘቅዝ እንደ አራስ ልጅ ሆዱ ላይ ታቅፎታል። እሱ ቤት እሁድ የድንች ቀን ነው። ድስቱ መሃል ይቀመጣል፣ ሚጥሚጣው ይቀርባል፣ ሁሉም ጣቱን እየለበለበው ይልጣል። ልጣጩን ሳይበጥስ የጨረሰ ትልቁን ድንች ይወስዳል። ልጁ ሔዋን ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ትልቁን ለማንም አስነክታ አታውቅም። ካገባች ሦስት ወሯ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ትልቁ ድንች ድስቱ ውስጥ ብቻውን ይቀራል፤ ባልና ሚስት እያዩት ስለ አየሩ ያወራሉ። ዛሬ ገብረየስ አልቻለም፤ ከድስቱ አውጥቶት ይዞት መጣ።

አማቹ አብኔዘር በክብር ተቀበለው። ሰው እየከፈለው ሰው የሚያከሳ ባለሙያ ነው። እሱም ሔዋንም የስፖርት ልብስ ለብሰዋል። ምሳ ዕቃው ሲከፈት ሳሎኑን የብርነሽ ማድ ቤት ሽታ ሞላው።

"አባባ፣ እኛ እኮ ድንች አቁመናል" አለ አብኔዘር፣ ሲጋራ ያቆመ ሰው በሚያወራበት ድምፅ። "ሔዋን ስድስት ኪሎ ቀንሳለች።"

ገብረየስ ልጁን አየና ስድስቱ ኪሎ ከየት እንደሄደ ፈለገ። አብዛኛው ከጉንጯ ነበር።

"እውነት አቆምሽ?"

"አዎ አባዬ" አለች፣ እሱን ሳይሆን ምሳ ዕቃውን እያየች።

መቼ ቤት እንደምትመጣ ጠየቃት። እሁድ እሁድ ከደንበኞቹ ጋር ተራራ እንደሚወጡ ባሏ መለሰላት። ገብረየስ የቀረበለትን ሙቅ ውሃ በሎሚ እንደ መድኃኒት ጨልጦ ተሰናበተ። ምሳ ዕቃውን እንደረሳው የገባው ሻርፑን ብቻ ይዞ ታክሲ ሲጠብቅ ነው። ሊመለስ አሰበና እግሩ እንቢ አለው። የጨነቀው የምሳ ዕቃው ነገር አልነበረም፤ ብርነሽ "በላች?" ስትለው ምን እንደሚላት ነው።

ሁለት ታክሲ ሞልቶ አለፈው። ሦስተኛው ሲቆም ጥበቃው እያለከለከ ደረሰ።

"አባት፣ ዕቃዎን ረስተዋል። እትዬ ሔዋን ናቸው የላኩት።"

"ምን አለች?"

"ግቢው ውስጥ ከቆመው መኪና ጀርባ ነበሩ። አንድ ነገር ብለውኛል፤ ግን አፋቸው ሞልቶ ስለነበር አልሰማኋቸውም።"

ገብረየስ ተቀበለው። ቀሎታል። ከፈተው። ድንቹ የለም፤ ልጣጩ ብቻ፣ አንድም ቦታ ሳይበጠስ፣ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ቆሞ አየው። የታክሲው ረዳት "ይገባሉ ወይስ አይገቡም?" እያለ ነው። ልጣጩን አውጥቶ በሻርፑ ጠቀለለና ኪሱ ከተተው፤ ምሳ ዕቃውን ከድኖ ለጥበቃው መለሰለት።

"መልስላት።"

"ባዶ ነው እኮ አባት።"

"አዎ፣ ባዶ ነው። የሰው ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ እናቷ አስተምራታለች" አለና ታክሲው ውስጥ ገባ። "የፈለገችውን ትሙላበት፤ ግን ራሷ ታምጣው። እሁድ።"