የዱፊ ዳዶ

ቀለበቱ ከዱፊ ጣት ሾልኮ ወደቀና በለቅሶተኛው ወንበር ሥር ተንከባሎ የኦፎሪዋ ጫማ አጠገብ ቆመ። ኦፎሪዋ የዱፊ ባል የሟቹ የባሪማ ታላቅ እህት ናት።

«ይኸው! እሱ ራሱ ‹አውልቂው› እያለሽ ነው» አለች አንስታ እየሰጠቻት። «ቅዳሜ ወንድሜን ስንቀብር ግማሹ ኩማሲ እጅሽን ይጨብጣል። የመኪና ዳዶ አድርገሽ ልታዋርጂን ነው?»

ከቦርሳዋ የሟች እናቷን የወርቅ ቀለበት አውጥታ ዱፊ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

ዳዶነቱስ አይካድም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ዱፊ ቲማቲሟን በባሪማ የጭነት መኪና ላይ ጭና ስትጓዝ፣ መኪናው መንገድ ላይ ቆመ። ባሪማ ሲጠግን ዋለ፤ ሲጨርስ ከነዳጅ ቱቦ የፈታውን አሮጌ የናስ ዳዶ ሞርዶ ጣቷ ላይ አጠለቀና «ወርቁ ለከርሞ» አላት። ከርሞ በመጣ ቁጥር «ልቀይርልሽ» ይላል፤ እሷም «ይኼ መቼ ላላና!» ትለዋለች።

ለጉዞ ሲነሳም የጎማውን ዳዶ ሁሉ እየነካካ ይዞርና የመኪናውን በር ሁለቴ ያንኳኳል። ዱፊ «ጠብቋል፣ ሂድ!» ካላለችው ሞተር አያስነሳም ነበር።

ሐሙስ ሁለቱንም ቀለበት ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። የት ልትሄድ ኖሯል? ለትንኝ የጆሮ ጉትቻ የሠራሁ ወርቅ ሠሪ እኔ ብቻ ነኝ።

«ወንድሜ፣ የወርቁን ላድርግ?»

«አድርጊ እንጂ! ፈርጥ እጨምርበታለሁ፤ ቄሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚቀድሰው!»

«ዳዶውስ?»

«ከባሪማ ጋር ሳጥን ውስጥ ይግባ።»

ጣቷን አየች። ሠላሳ ዓመት የታሰረው ቦታ ሰርጉዷል።

«ሳጥን ውስጥ ለመግባት እሱ ይበቃል» አለች። «ዳዶው አልላላም፤ እሱን ሳስታምም እኔ ነኝ የከሳሁት። ወርቁን ቀጥቅጥና ከውስጥ አልብሰው። ከውጭ እንዳትነካው!»

«ወርቅ ከውስጥ? ማን ሊያየው?»

«ጣቴ።»

«ኦፎሪዋስ?»

«የእናቷ ወርቅ የወንድሟን ናስ ቢያቅፍ ምን ይከፋታል?»

ቅዳሜ ጥቁርና ቀይ የለበሰ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ እጇን ጨበጠ፤ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ዳዶው ንቅንቅ አላለም። ኦፎሪዋ ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

«ወርቄን የት ጣልሽው፣ አንቺ?»

ዱፊ ቀለበቱን እንደ ዳዶ እያሽከረከረች አወለቀችና ውስጡን አሳየቻት። ኦፎሪዋ ቀረብ ብላ አየች፤ ከዚያ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ ያዛት። በገዛ እጇ መልሳ አጠለቀችላትና የዱፊን እጅ ለሕዝቡ ከፍ አደረገች።

«ከእናቴ ወርቅ እስከ ወንድሜ ዳዶ፣ ሁሉም የዚች ሴት ነው!»

የባሪማ ጓደኞች፣ ሾፌሮቹ ሁሉ፣ ክላክሳቸውን ለቀቁት። አክራ ድረስ ተሰምቷል።

ሳጥኑ ሊነሳ ሲል ዱፊ ጠጋ አለች። ክላክሱ ጸጥ አለ። በዳዶው ሳጥኑን ሁለቴ አንኳኳች።

«ጠብቋል» አለች። «ሂድ።»